የሚረጭ ፎም፣ የመስታወት ሱፍ ወይስ ፎይል? ለደሴና ለኮምቦልቻ የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ማገጃ አመራረጥ

ከደሴ ተነሥቶ ሀረጎን ለወረደ ሰው ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። በዚህች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ የሁለቱ ከተሞች ሙቀት በአማካይ በ4 ዲግሪ ገደማ ይለያያል። የቤት አሠራራችን ግን አንድ ነው፦ የባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ችፑድ ኮርኒስ። ደሴ ላይ ሌሊት የሚያንቀጠቅጠውም፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀን የሚያቃጥለውም ይኸው ጣሪያ ነው።

ቤት የሚሠሩና የሚያድሱ ሰዎች ስለሚረጭ ፎም አብዝተው ይጠይቁኛል። ፎሙ በቦታው ሲገባ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ለሁሉም ቤት ግን አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ በጣም ባነሰ ወጪ እፎይ የሚሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ደሴ ላይም ፎም ተረጭቶበት ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚበልጥ ጣሪያ አለ። ስለዚህ ዕቃውን ከመምረጥ በፊት ቤትዎን የሚያስቸግረው ከላይ የሚወርደው ሙቀት ይሁን ወይስ ከታች የሚሸሸው፣ እሱን መለየት ይቀድማል።

ሙቀቱ ወዴት ነው የሚሄደው?

ኮምቦልቻ ላይ በእኩለ ቀን የጋለው ቆርቆሮ ከሥሩ ያለውን አየር ያሞቃል። የሞቀ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በአብዛኛው በጨረር የሚመጣ ነው። ይህን በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ በኮርኒሱ መውጫ ቀዳዳ እጅዎን ከፍ አድርገው መዳፍዎን ወደ ቆርቆሮው ያዙሩት፤ ቆርቆሮውን ሳይነኩት ይለበልብዎታል። በመዳፍዎና በቆርቆሮው መካከል አንድ ቁራጭ የሚያብረቀርቅ ፎይል ቢያስገቡ ግን ወዲያው ይበርድልዎታል። በዚያች ቅጽበት የአየሩ ሙቀት አልተለወጠም፤ የተቋረጠው ጨረሩ ነው።

ደሴ ላይ ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ቤት ውስጥ የሞቀው አየር ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በችፑዱ መገጣጠሚያ፣ በአምፖሉ ቀዳዳ፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ያመልጣል። ሌላም ጣጣ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየርም በታች ይቀዘቅዛል። የሰው ትንፋሽ፣ የድስትና የጀበና እንፋሎት በኮርኒሱ ስንጥቅ ወጥቶ ያን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ቢመለከቱ፣ ቆርቆሮውን በስቶ በገባው ምስማር ሁሉ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ ያያሉ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ጠብታው ይወርድና ችፑዱ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ክብ ምልክት ይተዋል። ብዙ ሰው ቆርቆሮው አፈሰሰ ብሎ አናጢ ይጠራል። ዝናብ ባልጣለበት ወር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ውሃው ከራስዎ ቤት የወጣ እንፋሎት ነው፤ ምስማር ቢቀይሩም አይቆምም።

የሚረጭ ፎም

ፎሙ የሚሠራው ከሁለት ፈሳሾች ነው፤ አንዱ ኢሶሲያኔት፣ ሌላው ፖሊዮል ይባላል። በሚሞቅ ጎማ መጥተው መርጫው ጫፍ ላይ ሲገናኙ በሰከንዶች ውስጥ አረፋ ሆነው ያብጡና ይደርቃሉ። ሁለት ዓይነት አለው፤ ሻጩ ‹‹ፎም›› ብቻ ካለዎት የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎ አይለፉት።

ኦፕን ሴል የሚባለው ለስላሳ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 8 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ሲረጭ 100 እጥፍ ገደማ ያብጣል። አየር ያግዳል፣ እንፋሎት ግን ያሳልፋል። ክሎዝድ ሴል የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ሜትር ኩቡ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይደርሳል፣ እንፋሎትም በቀላሉ አያሳልፍም። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክሎዝድ ሴል 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የመስታወት ሱፍ የሚሠራውን ይሠራል።

ደሴ ላይ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ የሚረጭ ከሆነ የእኔ ምርጫ ክሎዝድ ሴል ብቻ ነው። ኦፕን ሴሉ ርካሽ ሆኖ ቢቀርብልዎት እንኳ እንፋሎቱ አልፎት ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጀርባ ውሃ ይሆናል፤ ለስላሳው ፎም ያንን ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ቆርቆሮውም ከማያዩት በኩል ይዝጋል። ክሎዝድ ሴሉ ግን ከቆርቆሮው ጋር ስለሚጣበቅ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት የሚነካበት ቦታ አያገኝም። ማለዳ የሚንጠባጠበውን ነገር ከሥሩ የሚያቆም ከእሱ የተሻለ አማራጭ አላውቅም። በክረምት የዝናቡንና የበረዶውን ጩኸትም ቆርቆሮው እንዳይርገበገብ ይዞ ይቀንሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጣሪያው ፎሙን ለመቀበል የተዘጋጀ ሲሆን ነው።

ቆርቆሮዎ ያረጀ ከሆነ አያስረጩ። ፎም ፍሳሽ አይደፍንም። ውሃው በፎሙና በቆርቆሮው መካከል መንገድ ፈልጎ ከገባበት ርቆ ስለሚወጣ ቀዳዳውን መፈለግ ከባድ ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርቆሮውን ልቀይር ቢሉ ደግሞ ፎሙ ከቆርቆሮውም ከማገሩም ጋር ተጣብቋል፤ ሁለቱንም አብረው ይጥሉታል። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ይቀይሩ፣ አንድ ክረምት ይለፍበት፣ የሚያፈስበት ቢኖር ያን ጊዜ ይታያል።

እንጨቱም እንዲሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይጣመምና ፎሙን ይሰነጥቀዋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ19 በመቶ በታች ሳይወርድ መርጨት የለበትም፤ መለኪያ መሣሪያው ትንሽ ነገር ስለሆነ የሚረጨው ባለሙያ ሊኖረው ይገባል። ምስጥ ባለበት ሰፈር ከሆኑ መድኃኒቱ አስቀድሞ ይቀባ። ፎሙ ከተረጨ በኋላ ምስጥ ወራጁን ቢበላው የሚያይልዎት ሰው የለም።

አዲስ ቆርቆሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ስስ የዘይት ሽፋን ሊኖረው ይችላል፤ በደንብ ካልተጠረገ ፎሙ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል። ጤዛም ጠላቱ ነው። ደሴ ላይ በማለዳ ተነሥቶ ሊረጭ የሚጣደፍ ሠራተኛ ካለ ያስቁሙት፤ ቆርቆሮው ሞቆ ከውስጥም ከደረቀ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ቢሠራ ይሻላል። ክሎዝድ ሴል በአንድ ጊዜ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ መረጨት የለበትም። ሲደርቅ ከውስጡ ከፍተኛ ሙቀት ያወጣል፤ በአንድ ጊዜ ከወፈረ መሐሉ ሊያርር፣ ከዚያም አልፎ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለ ጤና ማንም ሰው አቃልሎ እንዲነግርዎ አይፍቀዱ። ኢሶሲያኔት የሳንባ አስም ያስይዛል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ በትንሽ መጠንም ይታመማል። የሚረጨው ሠራተኛ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልገዋል፤ የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግለትም። ቤተሰቡ ደግሞ፣ ሕፃናትም ሽማግሌም፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ከቤት ይውጣ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ቤቱ ይናፈስ። ከብዙ ቀናት በኋላም የዓሣ ወይም የአሞኒያ ዓይነት ሽታ ካልለቀቀ ድብልቁ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ሽቶ መርጨት ሳይሆን ፎሙን ማስነሣት ነው።

እሳትም አለ። ፎሙ ይቃጠላል፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይዟል። ስለዚህ ተጋልጦ መተው የለበትም፤ ከሥሩ 12.5 ሚሊ ሜትር የጅብሰም ቦርድ ኮርኒስ ቢኖረው ጥሩ ጋሻ ነው፤ ችፑድ ግን ራሱ የሚነድ ነው። የማድ ቤት የጭስ ማውጫ ቱቦ ጣሪያውን በስቶ የሚወጣ ከሆነ በዙሪያው ፎም አይረጭ፤ የማይቃጠለው የድንጋይ ሱፍ ይሙላበት። የኤሌክትሪክ ገመዶች በፎም ሲቀበሩ ሙቀታቸውን መልቀቅ ይቸግራቸዋል፤ የገመድ መገጣጠሚያ ሳጥን ከተቀበረ ደግሞ ብልሽት ሲመጣ ማንም አያገኘውም። ኤሌክትሪሺያን ከረጪው በፊት ይምጣ።

የመጠኑንም ሒሳብ ላሳይዎት። 40 ሜትር ካሬ ኮርኒስ ያለው ቤት የቆርቆሮው ተዳፋትና የሞገዱ ጎርባጣ ሲታሰብ የሚረጨው ስፋት 50 ሜትር ካሬ ይደርሳል። በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 2.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ብክነቱን ሳይጨምር ወደ 85 ኪሎ የሚጠጋ ኬሚካል ይፈልጋል። ኬሚካሉ የሚመጣው በትልልቅ በርሜል ነው፤ ማሽኑ ማሞቂያና ኮምፕሬሰር አለው፤ ኃይለኛ መብራት ወይም ጄኔሬተር ይጠይቃል። ማሽኑ ለእርስዎ ቤት ብቻ ብሎ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመጣ ከሆነ የጉዞው ወጪ ከፎሙ ዋጋ ጋር እኩል ሊያስቸግርዎ ይችላል። ሦስት አራት ጎረቤት አንድ ላይ ሆኖ ማሠራት ያንን ወጪ ያካፍላል።

በሕንፃ መሣሪያ መደብር በ750 ሚሊ ሊትር ጣሳ የሚሸጠው ፎም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጣሳው ቢበዛ 40 ሊትር አካባቢ አረፋ ቢወጣው በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሜትር ካሬ እንኳ አይሞላም። እሱ ለበርና መስኮት ዙሪያ፣ ኮርኒሱ ከግድግዳ ለሚገናኝበት ስንጥቅ ነው፤ እዚያ ግን ወርቅ ነው፣ ደሴ ላይ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስት ጣሳ ቢጠቀም ደስ ይለኛል።

የመስታወት ሱፍ

ለአብዛኛው የደሴ ቤት የምመክረው ይህንን ነው። ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፍ ጥቅል ነው፤ እንደ ጋቢ በውስጡ የያዘው አየር ነው ሙቀቱን የሚጠብቀው። ስለዚህ ከተጨፈለቀ ወይም ከራሰ ዋጋ የለውም። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ሱፍ በሜትር ካሬ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ስለሚመዝን ደህና ተደርጎ የተመታ ችፑድ ይሸከመዋል። የማዳበሪያ ኮርኒስ ግን አይችለውም፤ እዚያ ቤት መጀመሪያ ኮርኒሱ ይሠራ።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። 40 ሜትር ካሬ ችፑድ ኮርኒስ፣ ቤት ውስጥና ውጭ የ10 ዲግሪ ልዩነት ያለበት ሌሊት እንውሰድ። እኔ ሳሰላው በባዶው ኮርኒስ በኩል 1,000 ዋት ገደማ ሙቀት ያመልጣል፤ ያለማቋረጥ እንደበራ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ሱፍ ሲነጠፍበት ወደ 140 ዋት ይወርዳል። ከዚህ በላይ ውፍረት መጨመር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመጀመሪያዎቹ 5 ሳንቲ ሜትሮች ናቸው ትልቁን ሥራ የሚሠሩት።

አነጣጠፉ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ የኮርኒሱ ስንጥቆች ሁሉ ይደፈኑ። ከዚያ ላስቲክ ይነጠፍ፤ ላስቲኩ ከሱፉ በታች፣ በክፍሉ በኩል መሆን አለበት፣ እንፋሎቱ ወደ ሱፉ እንዳይወጣ። ላስቲኩ ከሱፉ በላይ ከተነጠፈ ግን እንፋሎቱን ሱፉ ውስጥ ያስረዋል፤ ይህን ተገላቢጦሽ ሥራ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቆርቆሮው አሁንም ቀዝቃዛ ስለሆነ በጣሪያው ጫፍና በጉልላቱ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይተውለት፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። አይጥ ሱፉን ቆፍሮ ይራባበታል፤ ፎሙንም ቢሆን ይቦረቡረዋልና በዚህ በኩል አንዱ ካንዱ አይሻልም። ሲነጠፍ ጓንት፣ መነጽር፣ ማስክና እጅጌ ረጅም ልብስ ያስፈልጋል፤ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል።

ከሚረጨው ፎም የሚበልጥበት ዋናው ነገር ቆርቆሮውን፣ ወራጁን፣ ገመዱን በፈለጉ ጊዜ ማየትና ማደስ መቻልዎ ነው። ጥቅልሉን አንሥቶ መልሶ መንጠፍ ይቻላል።

ፎይልና ነጭ ቀለም

ኮምቦልቻ ላይ ከእነዚህ ይጀምሩ። ፎይሉ ከማገሩ ሥር፣ የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ታች ሆኖ ይወጠራል። ወደ ላይ ከዞረ አቧራ ይሸፍነውና ከጊዜ በኋላ ሥራውን ያቆማል። ከሚያብረቀርቀው ገጽ በታች ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍት አየር ሊኖር ይገባል፤ ኮርኒሱ ላይ ተለጥፎ ከተነጠፈ ተራ ብረት ነው። የጋለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በጣሪያው አናት ላይ ይተው። የዛገ ቆርቆሮን ነጭ ቀለም መቀባት ደግሞ የሚጋለውን ከመነሻው ይቀንሰዋል፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ፣ ከዚያ ነጩ ቢመጣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 እና 2010 አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት የቤት ሙቀት ማገጃ በሰፊው ሲያስገጥም አራት ወጣት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከመካከላቸው ፎይሉ በብረት ስቴፕለር ሲመታ ገመድ ተበስቶ በኤሌክትሪክ የሞቱ ነበሩ። ቆጣሪው ሳይጠፋ ማንም ሰው ፎይል ይዞ ኮርኒስ ላይ እንዳይወጣ።

ደሴ ላይ ፎይል ብቻውን አያሞቅም። እዚያ የሚሸሸው ሙቀት አብዛኛው በአየር ተሸክሞ ስለሚሄድ ጨረር ማቋረጥ ጥቂት ብቻ ይረዳል።

የፎም ሰሌዳና ሳንድዊች ፓኔል

ነጩ የፎም ሰሌዳ ርካሽ ነው፤ ግን ጠማማ በሆነው የባሕር ዛፍ ወራጅ መካከል ሲቆረጥ ዙሪያውን ክፍተት ይተዋል፤ አየሩም በዚያ ያልፋል። የመብራት ገመድ ፕላስቲክ ነጩን ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ ከነካ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ገመዱ በቱቦ ውስጥ ይሁን። ሳንድዊች ፓኔል፣ ማለትም በሁለት ቆርቆሮ መካከል ማገጃ ተሞልቶ የሚመጣው የጣሪያ ሰሌዳ፣ የሚታሰበው ጣሪያው ከአዲስ ሲሠራ ነው፤ ቤት ገና እየጀመሩ ከሆነ ዋጋውን ከቆርቆሮ፣ ከሱፍና ከሠራተኛ ድምር ጋር ያነጻጽሩት።

ከሰል

ይህን ያለ ምንም ማለሳለስ ነው የምጽፈው። ደሴ ላይ በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። የሚያፈሰው አሮጌ ኮርኒስ ከነክፋቱ መርዙን በከፊል ያወጣው ነበር። ክሎዝድ ሴል ፎም የተረጨበት ወይም ስንጥቁ ሁሉ የተደፈነ ቤት ግን አያወጣም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ጣሪያዎን ካሳሸጉ ከሰሉ ከቤት ይውጣ። ቡናውም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፤ ምድጃው ፍሙ ሳይጠፋ መኝታ ቤት እንዳይገባ ለልጆችም ለቤት ሠራተኛም ይነገር። በዚህ የማይስማማ ቤተሰብ ካለ ጣሪያውን ባያሽግ ይሻለዋል።

ዋጋ ሲጠይቁ

የአንዱን ሜትር ካሬ ዋጋ ከሌላው ጋር ብቻ ካነጻጸሩ ይሳሳታሉ፤ ውፍረቱና የመከላከል አቅሙ ይለያያልና። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ውፍረቱን በሜትር አድርገው ለዕቃው የሙቀት ማስተላለፊያ ቁጥር ያካፍሉ። ቁጥሩ ለክሎዝድ ሴል 0.025፣ ለኦፕን ሴል 0.038፣ ለመስታወት ሱፍ 0.040፣ ለነጭ የፎም ሰሌዳ 0.037 ገደማ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ክሎዝድ ሴል 2 ይሰጣል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ሱፍ 2.5 ይሰጣል። የሜትር ካሬውን ዋጋ ለዚህ ውጤት ሲያካፍሉ የቱ ለገንዘብዎ የበለጠ እንደሚሰጥ ይታያል። ፎይል በዚህ ሒሳብ አይገባም፤ የሚሠራው በጨረር ላይ ስለሆነ ለብቻው ይታይ።

ደሴ ላይ አዲስ ቆርቆሮ፣ ደረቅ እንጨትና የጅብሰም ኮርኒስ ይዘው በማለዳ ጠብታ ከተማረሩ ክሎዝድ ሴል ያስረጩ። ቆርቆሮው ካረጀ ወይም ገንዘቡ ከጠበበ ስንጥቅ ደፍነው ሱፍ ያንጥፉ። ኮምቦልቻ ላይ በፎይል፣ በነጭ ቀለምና በአየር ማስወጫ ይጀምሩ፤ ሰኔ ሲገባ አሁንም ከከበደዎት 5 ሳንቲ ሜትር ሱፍ ይጨምሩበት።

ፎም ካስረጩ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ክሎዝድ ሴል መሆኑ፣ ዝቅተኛው ውፍረት በሳንቲ ሜትር፣ የሚሸፈነው ስፋት። ከክፍያው አንድ ክፍል ለመጨረሻ ይቆይ። ፎሙ ሲደርቅ ቀጭን ሽቦ ላይ በማርከር 5 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉና በየቦታው፣ በተለይ በጣሪያው ጠርዝና በወራጁ ጥግ፣ ከቆርቆሮው እስኪደርስ ሰክተው ይለኩ። ረጪው ብዙ ጊዜ የሚያሳሳው እዚያ፣ እጁ በማይደርስበት ቦታ ነው። ምልክቱ ውጭ ከቀረ ያንኑ ቀን፣ ማሽኑ ከግቢዎ ሳይወጣ ያስደግሙት።